የግብርና መሣሪያዎች ክበብ፦ ሪሉን የቆጠርንበት ቅዳሜ

ክበባችን ዘንድሮ 19 አባላት ነበሩት። ጥቅምት ላይ 30 ነበርን፤ ግራሶ እጅ እንደሚያቆሽሽ ሲታወቅ የቀሩት ወደ ሚኒ ሚዲያ ሄዱ። እስከ ኅዳር መጨረሻ የማሽን ካቴና (ሰንሰለት) ማጥበቅና ቺንጋ መቀየር ተለማመድን። እሱን ልለፈውና ወደ ታኅሣሡ ቅዳሜ ልግባ።

እዚህ ባሌ ኮምባይነር የሚከራየው በኩንታል ሒሳብ ነው። የረገፈ ፍሬ ለገበሬውም ለባለማሽኑም ኪሳራ ነው። ግን ወረፋ ስላለ ሁሉም ይጣደፋል። ከሮቤ ወጣ ብሎ ያለው የአንድ ተማሪያችን አባት ማሳ ላይ ስንደርስ፣ ያለጊዜው የመጣ ዝናብ ስንዴውን አጋሽቦታል፤ መሬት ላይ አጋድሞታል። ኮምባይነሩ ባለፈበት ሁሉ ፍሬ ተዘርቷል።

ኦፕሬተሩ "ቢላዋው ዶልድሟል" አሉ። ታየ፤ ደህና ነው። ልጆቹ ሪሉን ጠረጠሩ። ሪል ማለት ከፊት እየተሽከረከረ ሰብሉን በጥርሶቹ አንስቶ ወደ ቢላዋው የሚያስጠጋው ነው። ሞተር ጠፍቶ አንዱ ዘንግ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰሩ። ቁልፉ ያኔ በአንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ኪስ ነበር። ኦፕሬተሩ ሁለቴ ጠየቋት። "ቲቸር ሳይፈቅዱ አልሰጥም፣ ጋሼ" አለች።

ከዚያ ራቅ ብለው ቆጠሩ። ማሽኑ 20 ሜትር በ18 ሰከንድ ሄደ፤ በደቂቃ 67 ሜትር ገደማ። ሪሉ በደቂቃ 34 ዙር ዞረ። ዲያሜትሩ 1 ሜትር ስለሆነ የጥርሶቹ ጫፍ በደቂቃ 107 ሜትር ይጓዛል። ከማሽኑ በ60 በመቶ ፈጠነ ማለት ነው። ከ10 እስከ 25 በመቶ ይበቃው ነበር። ዛላውን እየደበደበ ሲያረግፈው ነው የዋለው።

ለነገሩ ኦፕሬተሩ ወደው አልነበረም። ሪሉ የጋሸበውን አላነሳ ሲላቸው ፍጥነት ጨመሩ። ችግሩ ሪሉ ከፍ ብሎ ወደ ኋላ መሳቡ ነው፤ ቢፈጥንም ከላይ ከላዩን ነው የሚመታው። ሞተሩን እንደገና አስጠፋን። ዝቅ አድርገን ወደ ፊት አወጣነው፤ የጥርሶቹን ጫፍ ወደ ኋላ አዘነበልን። ቢላዋውን እንዳይነኩ በእጅ አንድ ዙር አዙረን አየን። ፍጥነቱ ወደ 24 ዙር ወረደ። ስንዴው ከተጋደመበት በተቃራኒ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እያጨዱ እንዲገቡም ለመንናቸው። "ባዶዬን ስመለስ ነዳጁን ማን ይከፍላል?" አሉ፤ ገቡ ግን።

ልዩነቱን የለካነው ከእንጨት በሠራነው የ1 ካሬ ሜትር ፍሬም ነው። ማሽኑን አስቁመን ትንሽ ወደ ኋላ እናስመልሳለን። ቢላዋው አጭዶት ከኋላ የሚወጣው ገለባ ያልደረሰበት ቦታ ላይ ፍሬውን እንለቅማለን። በካሬ ሜትር 10 ግራም ማለት በሄክታር 1 ኩንታል ነው። መጀመሪያ 31 ግራም ለቀምን፣ ከማስተካከያው በኋላ 12። አባትየው ሒሳቡን ሲሰሙ ፍሬሙን ራሳቸው ተሸክመው ሌላ ቦታ ላይ እንድንደግምላቸው ወሰዱን።

ሁለተኛው መንፈቅ በፈተና አለቀ። የግራም ሚዛኑ ከኬሚስትሪ ክፍል የተዋስነው ነው። ሳህኑ ተሰብሯል። የኬሚስትሪ መምህራችንን እዚህ ላይ በይፋ ይቅርታ እንጠይቃለን።