ሴንት አን የቦብ ማርሌ መቃብር ብቻ አይደለችም

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፦

ሰሞኑን ስለ ጃማይካ ያወጣችሁትን የጉዞ ጽሑፍ አነበብኩት። ፎቶዎቹ አሪፍ ናቸው። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ጸሐፊው ከኪንግስተን ተነስቶ ናይን ማይል፣ የቦብ ማርሌ መቃብር ላይ ዱብ አለ። ከዚያ ኦቾ ሪዮስ ወርዶ ባህር ዳር ተንጋለለ። አለቀ። መሀል ያለው አገርና ሰው የት ገባ?

ሁለቱም ቦታዎች ያሉት ሴንት አን ውስጥ ነው። ጃማይካ በ14 ፓሪሾች የተከፈለች ናት፤ እኛ አውራጃ እንደምንለው። ሴንት አን በቆዳ ስፋት ከሁሉም ትበልጣለች፣ ከ1,200 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነች። በሰሜን ካሪቢያን ባህር ነው፣ ወደ ደቡብ ሲሄዱ ተራራ። ሰዎቹ የአትክልት ቦታችን ይሏታል፤ ለምለም ስለሆነች አልፈርድባቸውም።

ለምለምነቷ ግን ይሸውዳል። ደጋው ከሥሩ የኖራ ድንጋይ ነው። ዝናቡ ይወርዳል፣ ውሃው ግን ላይ አይቆይም፤ ስንጥቁን ይዞ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ስለዚህ ደጋው ላይ ወንዝ ብርቅ ነው። እዚያ ያለ ሰው ከቆርቆሮ ጣሪያው የሚወርደውን ዝናብ በታንከር ያጠራቅማል። ያው የሰረገው ውሃ ከመሬት ሥር ተጉዞ ባህር ሊደርስ ሲል ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ጸሐፊያችሁ ፎቶ የተነሳበት የደንስ ሪቨር ፏፏቴ እንዲህ ያለ የምንጭ ውሃ ነው። 55 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ቦታ በደረጃ በደረጃ እየወረደ በቀጥታ ባህር ውስጥ ይገባል። ቱሪስቱ እጅ ለእጅ ተያይዞ፣ በአስጎብኚ እየተመራ ከታች ወደ ላይ ይወጣዋል። ላይ ያሉት ሰማይ ሰማይ ያያሉ፣ ታች ያሉት ትኬት ይቆርጣሉ። ሞኒግ የሚባል ከተማ አጠገብ ደግሞ እንዳሰኘው የሚመጣና የሚሄድ ሐይቅ አለ። ለዓመታት ደርቆ ሜዳ ይሆንና አንድ ክረምት ላይ ከሥር ሞልቶ መንገድና ቤት ያጥለቀልቃል።

ወደ ኢኮኖሚው ልምጣ። የደጋው አፈር ደም የመሰለ ቀይ ነው፣ ጫማ ላይ ከተጣበቀ አይለቅም። ይሄ ቀይ አፈር ቦክሳይት ነው፤ አሉሚኒየም የሚሠራበት ማዕድን። ቀለሙን የሰጠው በውስጡ ያለው የብረት ዝገት ነው። ጃማይካ የመጀመሪያውን ቦክሳይት እ.ኤ.አ. በ1952 ወደ ውጭ የጫነችው ከኦቾ ሪዮስ ወደብ ነው። ብዙም ሳትቆይ በምርት ከዓለም አንደኛ ሆነች። ዛሬ ከሴንት አን የሚጫነው በዲስከቨሪ ቤይ በኩል ነው። ከዚያ የሚሄደው ግን በአብዛኛው አፈሩ እንዳለ ነው። ትርፉ ያለው አፈሩን አሉሚና ወደሚባል ነጭ ዱቄት፣ አሉሚናውን ወደ አሉሚኒየም በመለወጥ ላይ ነው፤ ያ ደግሞ ሌላ አገር ይሠራል። የእኛን ጥሬ ቡና ያስታወሰው ካለ አልተሳሳተም።

ገበሬው ያም የሚባል፣ እንደ ድንች ከመሬት የሚቆፈር ሥራ ሥርና ሙዝ ያመርታል፣ ከብት ያረባል። ፒሜንቶም አለ። ቅርንፉድ፣ ቀረፋና ገውዝ አንድ ላይ የተወቀጡ የሚመስል ሽታ ያለው ፍሬ ነው። ልክ እንደ ቡና ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። እንጨቱ ደግሞ ጀርክ የሚባለውን ዶሮ ለመጥበስ ይማገዳል። ጀርክ ያለ ፒሜንቶ እንጨት፣ ወጥ ያለ ሽንኩርት እንደማለት ነው።

ጸሐፊያችሁ ያለፈውና እኔን ያስቆጨኝ ፌይዝስ ፔን ነው። ከኪንግስተን ወደ ኦቾ ሪዮስ በሚወስደው አሮጌ መንገድ፣ ዲያብሎ ተራራን እንዳለፉ፣ ከመንገዱ ዳር የተደረደሩ የምግብ ቤቶች አሉ። ቤት ስል ሱቅ የምታህል መደብ፣ ከፊት ከሰል፣ ከኋላ አግዳሚ ወንበር ነው። ያም ከነልጣጩ ከሰል ላይ ይጠበሳል። የጠቆረው ሲፋቅ ውስጡ ነጭ ነው፣ ቅቤ ይቀቡትና ከጨው ዓሣ ጋር በወረቀት ይሰጡዎታል። የፍየል ጭንቅላትና ሆድ ዕቃ ተቀቅሎ የሚጠጣ ሾርባም አለ፤ ለወንድ ጉልበት ይሰጣል ይላሉ። መኪናዎ ፍጥነት ቀነስ ሲያደርግ ሻጮቹ እጃቸውን እያወዛወዙ ይጠሩዎታል። ለብዙ ዓመታት የመንገዱ መንገደኛ ሁሉ እዚያ ይቆም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2016 አዲሱ የክፍያ መንገድ ሙሉ በሙሉ ተከፈተ። የሠራው የቻይና ኩባንያ ነው፤ የእኛን የአዲስ አበባ አዳማን ፈጣን መንገድ የሠራው ድርጅት ቅርንጫፍ ነው። መንገዱ ጉዞውን በጣም አሳጥሯል፣ ኪንግስተን ያለ ሰው ጠዋት ወጥቶ ባህር ታጥቦ ማታ ቤቱ ይገባል። ያንን ማንም አይጠላም። ግን መንገዱ ፌይዝስ ፔንን አያገኛትም። ሻጮቹ ገበያቸው እንደቀዘቀዘ ከዚያ ወዲህ ሲያማርሩ ነው የኖሩት። ቱሪስቱም፣ የከተማው ሰውም ከላይ በፍጥነት ያልፋል።

ባህሩም ዳር ነገሩ አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956፣ ገና በእንግሊዝ ዘመን፣ የወጣ የባህር ዳርቻ ሕግ አለ። ዳርቻው የመንግሥት ነው ይላል፤ ሕዝቡ ግን በፈለገው ቦታ ገብቶ የመዋኘት አጠቃላይ መብት አይሰጠውም። ሕጉ እስካሁን ይሠራል። ሆቴል በተሠራ ቁጥር አጥር ይመጣል። እዚያው ሴንት አን፣ ማሚ ቤይ ላይ፣ ነዋሪው አያቶቹ ዓሣ ያጠመዱበት ዳርቻ ሲታጠርበት ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወስዶታል። የግዙፎቹ መርከቦች ቱሪስቶችም ጠዋት ወርደው ከሰዓት ይሳፈራሉ። ምሳቸው መርከብ ላይ ተከፍሎበታል።

ታሪኩን ለመጨረሻ ያደረግሁት አንባቢ ስለሚያውቀው ነው። ኮሎምበስ ትል የበላቸው መርከቦቹን ይዞ ሴንት አንስ ቤይ ላይ አንድ ዓመት መውጫ አጥቶ ቆይቷል፣ እ.ኤ.አ. 1503 እና 1504። የጥቁሮች መብት ታጋዩ ማርከስ ጋርቬይ በ1887 የተወለደው እዚያች ከተማ ነው፤ ሐውልቱ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ቆሟል። ቦብ በ1945 ናይን ማይል ተወለደ። ሲያርፍም በ1981 በእኛው ኦርቶዶክስ ሥርዓት፣ አቡነ ይስሐቅ እየጸለዩለት፣ ግዕዝ እየተነበበለት ተሸኝቶ እዚያው ተቀበረ። ክርስትና ስሙ ብርሃነ ሥላሴ ነው። ለኛ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ይጻፍ። ግን ሻሸመኔ ያሉት ጃማይካውያንን ስንጠይቅ ስለ ንጉሡ ብቻ የምንጠይቃቸው፣ ቤታቸው ስለ ቀረው ያምና ውሃ ግን የማንጠይቃቸው ለምንድን ነው?

ጸሐፊያችሁን ተመልሶ እንዲሄድ የምታደርጉበት አቅም ካላችሁ፣ ኪንግስተን ላይ ሾፌሩን በአሮጌው መንገድ ውሰደኝ ይበለው። ረሀቡን ይዞ ይነሳ፣ ፌይዝስ ፔን ሲደርስ ይውረድ። ከአሜሪካና ከካናዳ ለእረፍት የሚሄዱ አንባቢዎቻችሁም እንዲሁ። ያምና ጨው ዓሣ ያንን ያህል አያስወጣም፣ የምትከፍሉት ደግሞ ከሰሉን ላቀጣጠለችው ሴትዮ በእጇ ነው።

አንባቢያችሁ ነኝ
ከቶሮንቶ