ለእማዬ፣ ስለ ሸማቾች ሱቃችን

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የሐዋሳ አየር ለደም ግፊትሽ እንደተስማማሽ እህቴ ነግራኛለች፤ ደስ ብሎኛል። ደህና ሆንኩ ብለሽ ግን መድኃኒቱን እንዳታቋርጪ።

ባለፈው ስንደዋወል ስለ ሸማቾች ሱቅ ያልሽው ከልቤ አልወጣም። «ሱቁ ሞቷል፤ ዕጣዬን አውጡልኝ፤ ቤቱንም ለሥጋ ነጋዴው አከራዩትና ተገላገሉ» አልሽኝ። ሌላ ሰው ቢለው ሰምቼ አልፈው ነበር። ካንቺ ሲመጣ ግን ከበደኝ። ከእድሩ ድንኳን ተነሥተሽ፣ ቤት ለቤት እየዞርሽ፣ «መቶ መቶ ብር አዋጡና የራሳችን ሱቅ ይኑረን» ብለሽ ያቋቋምሽው አንቺ ነሽና። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ የሥራ አመራር ኮሚቴው ውስጥ ከገባሁ ወዲህ ያየሁትን ልጻፍልሽ። አንብበሽው አሁንም ይውጣልኝ ካልሽ ማመልከቻውን ራሴ አስገባልሻለሁ።

መደርደሪያው ባዶ ነው ያልሽው እውነት ነው። ዛሬ ብትገቢ የምታገኚው ኦሞ፣ ማካሮኒ፣ የቲማቲም ድልህ፣ ጨውና ክብሪት ነው። እህል ክፍሉ ውስጥ ጥቂት ኩንታል ሰርገኛ ጤፍ አለ። ነጭ ጤፍ ከገባ ቆይቷል። በመንገዱ በኩል ያሉት ሁለት ክፍሎች ዝግ ናቸው፤ ሥጋ ነጋዴው የሚፈልጋቸውም እነሱን ነው። ስኳር መጣ የተባለ ቀን ሰልፉ እስከ ወፍጮ ቤቱ ይደርሳል፤ በማግሥቱ ሠራተኛዋ ብቻዋን ቁጭ ብላ ትውላለች።

ሰዉ ለምን እንዲህ እንደሆነ ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። የሰፈራችን ሰው ይህን ሱቅ ዛሬም የሚያየው በቀበሌ ሱቅ ዓይን ነው። በደርግ ጊዜ ለሳሙናና ለስኳር ካርድሽን ይዘሽ፣ እኔን አዝለሽ ስትሰለፊ ሱቁ ያንቺ አልነበረም። ጤፉን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበሬው በኮታ፣ በተቆረጠ ዋጋ ይሰበስባል፤ ቀበሌው ያድላል፤ አንቺ የደረሰሽን ትቀበያለሽ። ለምን አነሰ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። 1983 መጥቶ ደርግ ሲወድቅ ብዙዎቹ የቀበሌ ሱቆች ባዶ ሲቀሩ ያለቀሰላቸው ሰው ስለመኖሩ ሰምቼ አላውቅም።

እናንተ በኋላ ያቆማችሁት ግን ሌላ ነገር ነው። የ1991 ዓ.ም. የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ አንድ አባል አንድ ድምፅ ነው ያለው። አሥር ዕጣ ያለውም አንድ ዕጣ ያላትም እኩል ናቸው። ማንም ከጠቅላላው ዕጣ ከ10 በመቶ በላይ እንዳይዝ ከለከለ። ከተጣራው ትርፍ 30 በመቶው ለመጠባበቂያ ይቀመጥ፣ የቀረው ለአባላት ይከፋፈል አለ። ይህን ለጎረቤቶችሽ ስታስረጂ እኔ በር ላይ ቆሜ እሰማ ነበር። ያኔ ሰዉ አምኖሽ ከመቀነቱ ፈትቶ ሰጠሽ።

ታዲያ ከዚያ ወዲህ ምን መጣ? እኔ እንደምረዳው ነገሩ የተበላሸው በ2003 ነው። መንግሥት በብዙ የምግብ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ጣለ፤ ሸቀጡም ከየሱቁ ተሰወረ። ጣሪያው በጥቂት ወራት ውስጥ ከአብዛኛው ሲነሣ ስኳርና የፓልም ዘይት ግን በተተመነ ዋጋ በሸማቾች በኩል መታደላቸው ቀጠለ። ይኼ ለድሃው ትልቅ እፎይታ ነበር፤ አልክድም። ለሱቁ ግን ቀንበር ሆነ። ዋጋውም፣ የትርፍ ህዳጉም ከላይ ተወስኖ ይመጣል። ከኪሎ የምትተርፈው ሳንቲም ለጫኝና አውራጅ፣ ለመኪና፣ በሚዛን ለሚታየው ጉድለት ሳትበቃ ታልቃለች። በዚያ ላይ ስኳሩ የነዋሪነት መታወቂያ ላለው ሁሉ ስለሆነ አባሉና አባል ያልሆነው አንድ ሰልፍ ላይ ይቆማሉ። «ታዲያ አባል መሆኔ ምን ረባኝ?» የሚል ሰው ሲመጣ ኮሚቴው የሚመልሰው ያጣል።

ከሁሉ በላይ ልቤ ያለው ግን ጤፉ ላይ ነው። ስኳር ከላይ ይመጣል፤ ጤፍን ግን ራሳችን መግዛት የምንችለው ነገር ነው። ከአድአም ሆነ ከጎጃም የገበሬዎች ዩኒየኖች በቀጥታ ብንገዛ ደላላ አይገባበትም። ችግሩ ዩኒየኑ ጥሬ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ይገባዋልም፤ ገበሬው ሊጠብቀው አይችልም። የእህል በረንዳ ነጋዴ አዝመራው ሳይወቃ ቀብድ ከፍሎ ይጠብቃል፤ መጋዘን አለው፤ ለወፍጮ ቤቱ በዱቤ ይለቃል። እኛስ? ዕጣችን ዛሬም ያንቺው መቶ ብር ነው። ሱቁ ሲመሠረት አንድ ኩንታል ጤፍ በጥቂት መቶ ብር ይገዛ ነበር፤ ዛሬ ከአሥር ሺህ ብር በላይ ነው። ያኔ መኪና ሙሉ ጤፍ ያስገባ የነበረው የአባላት መዋጮ ዛሬ የሚገዛው ጥቂት ኩንታል ነው። ከባንክ እንበደር ብንል መያዣ ይጠይቁናል፤ ቤቱ ደግሞ በማኅበሩ ስም ካርታ የለውም።

ሌላም አለ፣ ይኼን በደንብ አንብቢልኝ። ዕቃው በሱቃችን ርካሽ እንዲሆን ስለምንፈልግ በአሮጌ ዋጋ የገዛነውን በአሮጌ ዋጋ እንሸጣለን። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከመቶ ብር አለፈ። ዘይቱ፣ ሳሙናው፣ ከውጭ የሚገባው ሁሉ ተከተለው። እኛ ግን ያለንን በድሮው ዋጋ ሸጠን ጨረስን፤ ሰዉም መረቀን። ገንዘቡን ይዘን ወደ ጅምላ ስንሄድ ከሸጥነው ያነሰ ካርቶን ይዘን ተመለስን። እንደገና ሸጥን፣ እንደገና አነሰ። በመዝገብ ላይ ትርፍ ይታያል፤ መደርደሪያው ግን ይራቆታል። ሱቁን ቀስ በቀስ የጨረሰው ይኼ ነው። የሚሰማኝ ባገኝ በየስብሰባው የምናገረው ይህን ነው፤ ርካሽ መሸጥ ጥሩ ነው፤ ግን ነገ መልሶ በሚገዛበት ዋጋ ካልሸጠ ሱቁ ራሱን እየበላ ነው።

ሌብነትን አንሥተሻል። አዎ፣ ነበረ። አንድ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ስኳር በጓሮ እያወጣ ለነጋዴ ሲሰጥ ኖሯል፤ ኦዲቱ ለዓመታት ተጓትቶ ሲመጣ ጉድለቱ ታየ፤ ሰውየውም ሄደ። ደግነቱ አሁን የቁጥጥር ኮሚቴው በየወሩ መጨረሻ ራሱ ይቆጥራል። ግን እማዬ፣ ሁሉን በእሱ ላይ መጣል ትክክል አይመስለኝም። ያ ሰው ባይኖርም መደርደሪያው ዛሬ ባዶ ይሆን ነበር።

ወደ ኪራዩ ልምጣ። ሥጋ ነጋዴው ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚያቀርበው ኪራይም የሠራተኞቹን ደመወዝ ከፍሎ ይተርፋል። ለዚህ ነው ግማሹ ኮሚቴ የሚደግፈው። እኔ የምቃወመው ሌሎች ሰፈሮች ሄጄ ስላየሁ ነው። መጀመሪያ የመንገዱ ክፍል ይከራያል፤ ቀጥሎ እህል ክፍሉ፤ በመጨረሻ ማኅበሩ ማኅተምና የኪራይ ውል ብቻ ይዞ ይቀራል። ኮሚቴው የሚከራከረው ስለ ጤፍ ሳይሆን ስለ ተከራይ ይሆናል። አባሉም በዓመት አንድ ቀን ክፍፍል ለመቀበል ብቻ ብቅ ይላል። ያን ያህል ሰው ከመቀነቱ ፈትቶ የሰጠው ለዚህ አልነበረም።

ባዶ ሆኖም እንኳ ሱቁ የሚሠራው ሥራ አለ። በ2015 የጤፍ ዋጋ ከሰው አቅም በላይ ሲሄድ ያገኘነውን ጥቂት ጤፍ በኪሎ እየመጠንን ለብዙ ቤት አዳርሰናል። አንድ ነገር ደግሞ ልብ ብዬ አይቻለሁ፤ እኛ ጤፍ ያስገባን ሳምንት ወፍጮ ቤቱም ዋጋ ይቀንሳል። ሰዉ ከኛ ሳይገዛም በኛ ምክንያት ይጠቀማል። ይህ በሂሳብ መዝገባችን ላይ የትም አይታይም፤ እኔ ግን ሱቁ ካለው ጥቅም ትልቁ ይኼ ይመስለኛል።

ለጉባኤው ያዘጋጀነው ሐሳብ ይኸውልሽ። አንደኛው ነገር ዕጣውን ማሳደግ ነው፤ በአንዴ ሳይሆን በየወሩ እየከፈሉ። ከዚያ የጤፍ ቁጠባ፤ የፈለገ አባል በዕቁብ መልክ በየወሩ ያስቀምጣል፣ ጥር ላይ አዝመራው ገብቶ ዋጋው ሲረግብ በተሰበሰበው ጥሬ ገንዘብ ከዩኒየኑ እንገዛለን፣ እያንዳንዱ ድርሻውን ይወስዳል። የትርፍ ክፍፍሉም አባሉ በዓመቱ የገዛው ታይቶ እንዲሆን እንፈልጋለን። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ እንግሊዝ አገር ሮችዴል በምትባል ከተማ 28 ሰዎች አንድ አንድ ፓውንድ አዋጥተው በ1844 (እ.ኤ.አ.) ሱቅ ሲከፍቱ የያዙት ቅቤ፣ ስኳር፣ ዱቄት፣ የአጃ ቅንጬና ሻማ ብቻ ነበር፤ ትርፉንም አባሉ በገዛው መጠን ይመልሱለት ነበር። እነሱም ሸማኔና ሠራተኞች እንጂ ሀብታሞች አልነበሩም። እንዲህ ከሆነ ለስኳር ብቻ የሚመጣው ሰው ሳሙናውንም ጨውንም ከኛ ለመግዛት ምክንያት ያገኛል።

አሁን ልመናዬን ልንገርሽ። ጠቅላላ ጉባኤው ኅዳር ውስጥ አንድ እሁድ ጠዋት፣ በእድሩ አዳራሽ ነው። ባለፈው ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም ተብሎ ተበትኗል። አሁንም ካልሞላ ኪራዩን የሚፈልጉት ወገኖች «አባሉ ራሱ ትቶታል» ማለታቸው አይቀርም። በደንባችን ድምፅ በውክልና አይሰጥም፤ አለበለዚያ አንቺን ባላደከምኩሽ። አብረውሽ ያዋጡት እናቶች ብዙዎቹ አሁንም ሰፈር ውስጥ ናቸው። እኔ በር በር እያንኳኳሁ ብለምናቸው «እስቲ እናያለን» ይሉኛል። አንቺ መጥተሽ ፊት ወንበር ላይ ከተቀመጥሽ ግን አንዳቸውም ቤት አይቀሩም። ተነሥተሽ ኪራዩን ደግፉ ብትይ እንኳ መብትሽ ነው፤ ብቻ ሰምተሽ ወስኚ።

የአባልነት ደብተርሽን ከቁም ሳጥኑ አውጥቼ አስቀምጬዋለሁ፤ እዚያ እንዳትፈልጊው። ታናሼ ከጉባኤው በፊት ባለው ሐሙስ ለሥራ ሐዋሳ ይመጣል፣ ቅዳሜ በመኪናው ይመለሳል። ከእሱ ጋር ብትመጪ ወንበሩን ዘርግቶ አሳርፎ ያመጣሻል። እዚህ ብርዱ ስለበረታ ወፍራሙን ጋቢሽንና ነጠላሽን አትርሺ፤ የሐኪም ወረቀትሽንም ያዢ፣ ሰኞ ጠዋት ክትትልሽን እዚሁ እናደርሳለን። ትመጪ እንደሆነ ለእህቴ ነግረሽ አስደውይልኝ፤ የታችኛውን ክፍል ላዘጋጅልሽ።

አክባሪና አፍቃሪ ልጅሽ