አባባ፣ ዓይንዎን ይታዩልኝ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የዱባይ ሙቀት ገና አልበረደም። ትልቁ ልጅ በቁመት እኔን አልፎኛል። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስታወራ ታፏጫለች፤ "አባባ ጋ ዝናብ አለ?" እያለች ታደርቀኛለች።

ደብዳቤውን የምታነብልዎ ሚጡ እንደሆነች አውቃለሁ። ሚጡዬ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢላቸው። "ይበቃል" ቢሉሽም አንድም ቦታ እንዳትዘዪ።

ማልዲቭስ ደርሰን መጣን፤ ጋሼ ነግሮዎት ይሆናል። ሕንድ ውቅያኖስ መሃል ያለ አገር ነው፣ ወደ 1,200 የሚጠጉ ደሴቶች። ተራራ የሚባል ነገር የለም። ሰው ያልከመረው፣ የተፈጥሮ ከፍተኛው ቦታ ከባሕሩ በላይ 3 ሜትር እንኳ አይሞላም። ጅሬን ተራራ ላይ ቆሞ ጅማን ቁልቁል እያየ ላደገ ሰው ይገርማል። ደሴቶቹ በክብ በክብ ተሰድረው መሃላቸውን ውሃ ይዞታል፤ ክቡን አቶል ይሉታል። ድሮ መሃሉ ላይ እሳተ ገሞራ ነበረ አሉ። ተራራው ቀስ እያለ ሰጠመ፤ በዙሪያው የበቀለው ኮራል፣ ደቃቅ የባሕር እንስሳት የሚሠሩት ድንጋይ፣ ግን ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ ማደጉን አላቆመም። ተራራው ጠፍቶ ቀለበቱ ቀረ።

እኛ የሄድንበት ባ አቶል ይባላል። ዩኔስኮ እንደ ፈረንጆቹ በ2011 በጥብቅ ስፍራነት መዝግቦታል። ጠዋት በጀልባ ወጣን። ሃኒፋሩ የምትባል ትንሽ የባሕር ወሽመጥ ስንደርስ አስጎብኚው ሕጉን ነገረን። የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ መጥለቅ ክልክል ነው። በመነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ማየት ብቻ። መንካት የለም።

ልጆቹ ዘለው ገቡ። እኔ የጀልባውን መሰላል ሙጭጭ አድርጌ ያዝኩ። ላይፍ ጃኬት ለብሼ እንኳ እግሬ ተንቀጠቀጠ። አንዱ ጀልባ ነጂ እጄን ይዞ አስገባኝ። መነጽሩ ወዲያው በእንፋሎት ተሸፈነ። ሰው ሁሉ ነጭ ጥላ ሆነብኝ፤ የልጄን ድምፅ እሰማለሁ፣ ፊቷን ግን መለየት አቃተኝ። አባባ፣ ያኔ ነው እርስዎ የመጡብኝ። እንደዚህ ነው የሚያዩት? ስንት ጊዜዎ ነው እንደዚህ ሲያዩ?

ሰውዬው መነጽሩን አውልቆ ውስጡን በምራቅ አሸው፣ በባሕር ውሃ አለቀለቀውና መለሰልኝ። ሁሉም ነገር ወለል አለ።

ማንታ ሬይ የሚሉት ጠፍጣፋ ዓሣ አለ። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 3 ሜትር ያህላል። ከሰኔ እስከ ኅዳር ነፋሱና የባሕሩ ሞገድ ፕላንክተን የሚባሉትን ደቃቅ ሕያዋን ወደዚያች ወሽመጥ ይገፋቸዋል፤ ማንታዎቹም እየተከተሉ ይመጣሉ። አንዱ አፉን ከፍቶ በቀጥታ ወደ እኔ መጣ። ጮህኩ፣ በቱቦው ውስጥ። ልክ ሊደርስብኝ ሲል ተገልብጦ በሥሬ አለፈ። ሆዱ ነጭ ነው፣ ጥቁር ነጠብጣብ አለበት። የአንዱ ነጠብጣብ ከሌላው አይገጥምም፤ ተመራማሪዎቹ በዚያ ነው የሚለዩዋቸው። መርዝም መንደፊያም የለውም። ምንም አላደረገኝም።

ከሰዓት ወደ ሌላ ቦታ ወሰዱን። ጆሮዬ ውሃ ውስጥ ሲገባ ቆርጠም፣ ቆርጠም የሚል ድምፅ ሰማሁ። ፓሮትፊሽ የሚባለው ዓሣ ኮራሉን በጥርሱ እየፈገፈገ ሲበላ ነው። የበላው ድንጋይ ተፈጭቶ አሸዋ ሆኖ ይወጣል፤ ከዚያ ነጭ አሸዋ ብዙው እንዲህ የተሠራ ነው። የሞተ ኮራልም አየሁ። እንደ ፈረንጆቹ በ1998ና በ2016 ባሕሩ ከመጠን በላይ ሞቆ ብዙው ነጥቶ ሞቷል።

አሸዋ ካነሳሁ አይቀር ልናገረው። ወንዶቹን ላንጋኖ ይዘው የሄዱ ጊዜ ትዝ ይልዎታል? ልብሴን አጥቤ፣ ተኩሼ፣ በር ላይ ቆሜ ነበር። "ሴት ልጅ ውሃ ውስጥ ምን ትሠራለች" አሉኝ። መኪናዋ በፈረንጅ አራዳ በኩል እስክትታጠፍ ቆሜ አየሁ። ሲመለሱ ከጫማቸው የረገፈውን አሸዋ የጠረግኩት እኔ ነኝ። እማዬም ያን ቀን ምንም አላለችም። ሌሊት የጭነት መኪና እየነዱ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ይህን አልረሳሁም፣ አልረሳምም። ያንን ግን እስከ ዛሬ ሆዴ ውስጥ ይዤው ኖሬያለሁ። ልጄ መሰላሉን ሳትነካ ስትዘል ሳይ ደስ አለኝ፣ በእርስዎም ተናደድኩ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ።

ባለፈው በቪዲዮ ስናወራ ቡናውን ከሲኒው ውጭ ቀዱት። ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ፣ እርስዎ ጨዋታውን ቀጠሉ። ሚጡ ቀስ ብላ ስታብስ አየኋት። ጋሼ ደረጃው ላይ መውደቅዎን ደብቆኝ ነበር፤ ከሌላ ሰው ሰማሁ። "ዕድሜ ነው" ይላሉ። ዕድሜ ብቻ አይደለም አባባ፣ ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው ብሎዎታል። የደፈረሰውን ሌንስ አውጥተው ሰው ሠራሽ ይተኩበታል። ዓይኑን ብቻ ያደነዝዙታል፤ አብዛኛው ሰው የዚያኑ ቀን ቤቱ ይገባል።

ለገና እመጣለሁ። በድምፄ ብቻ እንዲያውቁኝ አልፈልግም። እስከ ዛሬ ያልነገርኩዎት ይሄ ነው።

ሰኞ ጠዋት ጋሼ መኪና ይዞ ይመጣል። አይመልሱት። የግፊቱንም የስኳሩንም መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ይያዙ፣ ሐኪሙ ይጠይቃል። ብር ልኬያለሁ፤ ለጣሪያው አይደለም። ጣሪያው ከመስቀል በኋላ ይደረሳል። ሚጡዬ፣ ከሕክምናው በኋላ የሚታዘዝላቸውን ጠብታ ሰዓቱን ጽፈሽ ግድግዳው ላይ ለጥፊ።

ልጅዎ