ከፍለን የገዛነው ጌም ያለ ኢንተርኔት ይከፈት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በአንባቢያን ዓምድ ላይ ስለ ጌም የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ ስለ ሱስ ነው። ልጆች ከክፍል እየቀሩ ጌም ቤት ይውላሉ፣ ወላጅ ተቸግሯል፣ ቀበሌው አንድ ነገር ይበል የሚል። ጭንቀቱ ይገባኛል፤ እኔም የልጅ አባት ነኝ። ይህን የምጽፈው ግን ሌላ በደል ስላለና እሱን የሚያነሳ ሰው ስላላየሁ ነው። ደሴ ተወልጄ ያደግሁ፣ ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር እየጠገንኩ የምተዳደር፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የኮምፒውተር ጌም ስጫወት የኖርኩ ሰው ነኝ። በደሉ ይህ ነው፦ ጌም የሚሸጡ ትልልቅ የውጭ ኩባንያዎች ገንዘባችንን ይቀበላሉ፣ ዕቃውን ግን አያስረክቡንም። ከፍለን ከገዛን በኋላም ጌሙ የሚከፈተው እነሱ በኢንተርኔት ሲፈቅዱ ብቻ ነው። ኢንተርኔቱ በሚጠፋበት አገር ለምንኖር ሰዎች ይህ ከፍሎ ባዶ እጅን መቅረት ነው።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። የእኔ ዕድሜ ሰዎች ካውንተር ስትራይክ 1.6 የተባለውን በቡድን የሚታኮሱበት ጌም የተማርነው ሸዋ በርና ፒያሳ ጌም ቤቶች ውስጥ ነው። ያገለገሉ ዴስክቶፖች፣ እነሱን እርስ በርስ የሚያገናኝ አንድ ስዊች፣ ወለሉ ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ኬብል፤ በቃ። ሰርቨሩን፣ ማለትም ሁላችንንም አገናኝቶ የሚያጫውተውን ኮምፒውተር፣ የሚያስነሳው የጌም ቤቱ ልጅ ነበር። ደስት ቱ በሚባለው የጌሙ ሜዳ ላይ አምስት ለአምስት ተከፍለን እንገጥማለን፤ የተሸነፈው ቡድን ሒሳብ ይዘጋል። አሜሪካ ያለው ኩባንያ ደሴ የምትባል ከተማ መኖሯን አያውቅም፤ ማወቅም አላስፈለገውም። ያ ጌም ራሱ የተወለደው ከዚህ ዓይነቱ ነፃነት ነው። (የውጭውን ነገር ሳወራ ወሩንና ዓመቱን በፈረንጆች አቆጣጠር፣ የአገር ቤቱን በእኛ ነው የምጽፈው።) ሃፍ ላይፍ የተባለው የ1998 ጌም ተጫዋቾች የራሳቸውን እንዲሠሩበት ክፍት ስለነበር፣ ሚን ሊ እና ጄስ ክሊፍ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች በእሱ ላይ ተነሥተው በ1999 ካውንተር ስትራይክን ሠሩ። የሃፍ ላይፍ ባለቤት ቫልቭም አልከሰሳቸውም፤ ሥራውን ገዝቶ እነሱንም ቀጠራቸው።

አሁን ወደ በደሉ ልመለስ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር አንባቢ አይዘነጋም። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ ዱባይ ያለችው እህቴ በካርዷ አንድ ጌም ገዝታልኝ ነበር። ብዙዎቻችን የምንገዛው እንዲህ በዘመድ ነው። ጌሙ ብቻን የሚጫወቱት ነው፤ ታሪክ እየተከተሉ መሄድ እንጂ ከሌላ ሰው ጋር መግጠም የለበትም። መሥመሩ ከተቋረጠ ጥቂት ቆይቶ አንድ ማታ ስከፍተው ጥቁር ስክሪን ላይ ትንሽ ሳጥን ብቅ አለች። «ባለቤትነትዎን ለማረጋገጥ ከኢንተርኔት ጋር ይገናኙ» ትላለች፤ ከሥሯ ሁለት ምርጫ፣ «እንደገና ይሞክሩ» እና «ይውጡ»። ጌሙ ሙሉ በሙሉ ሃርድ ዲስኬ ላይ ተቀምጧል፤ አንድም የጎደለ ፋይል የለውም። የጎረቤቴ ልጅ ደግሞ ያንኑ ጌም ክራክ የተደረገውን፣ ማለትም የፈቃድ መጠየቂያው ተሰብሮ የወጣለትን፣ ከጓደኛው ገልብጦ ሌሊቱን ሙሉ ይጫወታል። የከፈለው ተዘግቶበት ያልከፈለው ይጫወታል! ኩባንያዎቹ ይህን ፈቃድ የሚጠይቅ ቁልፍ ያስገባነው ሌባን ለመከላከል ነው ይላሉ። በሥራዬ በየቀኑ የሰው ኮምፒውተር ስለምከፍት የማየውን ልናገር፤ ቁልፉ የሚያግደው ገዢውን ብቻ ነው።

በእነዚያ ወራት ያጫወተን ኤጅ ኦፍ ኤምፓየርስ 2 የተባለው፣ መንግሥት እየገነቡ የሚዋጉበት አሮጌ ጌም ነው። ከጎን ክፍል ከተከራየው መምህር ጋር በመስኮት ኬብል አሳልፈን፣ መብራት እስኪሄድ ድረስ እንጋጠም ነበር። ልጄ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ከጎኔ ይቀመጥና «አባዬ እንጨትህ አልቋል፣ አባዬ ገበሬዎችህ ቆመዋል» እያለ ያስጠነቅቀኛል። ስለዚህ ጌም ትንሽ እንድናገር ይፈቀድልኝ፤ የምለው ሁሉ እሱ ውስጥ ስላለ ነው።

ኤጅ ኦፍ ኤምፓየርስ 2 የወጣው በ1999 ነው። የሠራው ኤንሴምብል ስቱዲዮስ የሚባል የቴክሳስ ድርጅት ሲሆን፣ ባለቤቱ ማይክሮሶፍት በ2009 ዘጋው። ጌሙ በዛሬው አሠራር ተሽጦ ቢሆን ኖሮ ከድርጅቱ ጋር አብሮ ሊቀበር ይችል ነበር። ነገር ግን ሲዲው በሰው እጅ ነበር፤ ሲዲው ደግሞ የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቅ ይሠራል። ወዳጆቹ መጫወታቸውን አላቆሙም። ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ፎርጎተን ኢምፓየርስ ብለው አዳዲስ ሕዝቦችን የያዘ ተጨማሪ ክፍል በትርፍ ጊዜያቸው ሠሩለት። ማይክሮሶፍት በ2013 ጌሙን በአዲስ መልክ ሲያወጣው የእነዚህን ሰዎች ሥራ ተቀብሎ በይፋ አወጣ። በ2015 ዘ አፍሪካን ኪንግደምስ በተባለው ክፍል ኢትዮጵያን ያስገቡትም እነሱ ናቸው። ሾተል የያዙ ተዋጊዎች፣ የዮዲት ዘመቻ፣ በአማርኛ ቃል የሚመልሱ ገበሬዎች። የዮዲት ታሪክ በተነገረበት መንገድ ላይ የምከራከርበት አለኝ፤ ቢሆንም ልጄ ስሟን መጀመሪያ የሰማው እዚያ ነው፣ ሰምቶም መጽሐፍ ጠይቆኛል። እንግዲህ ልብ በሉልኝ፤ ኢትዮጵያ እዚያ ጌም ውስጥ የገባችው ጌሙ ከወጣ ከ16 ዓመት በኋላ ነው። የገባችውም ባለቤቱ የሠሪዎቹን ቤት ሲዘጋ ገዢዎቹ ጌሙን በእጃቸው ይዘው ስለቆዩ ነው። በሌሎችም ጌሞች አለን፤ ሲቪላይዜሽን 5 ውስጥ በ2012 መሐል ሰፋሪ የተባለው ጦር ገብቷል፣ ሲቪላይዜሽን 6 ውስጥ በ2020 ዳግማዊ ምኒልክና ከዓለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት ገብተዋል። ለወሎ ልጅ፣ ላሊበላን ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እነዚህ ጌሞች ሰርቨር ስለተዘጋ ብቻ እንዲጠፉ አልፈልግም።

መጥፋት ደግሞ በእውነት ይጠፋሉ። ዩቢሶፍት የተባለው ጌም ሠሪ ኩባንያ በ2014 ዘ ክሩ የተባለ የመኪና ጌም ሸጠ። ብቻውን የሚነዳ ሰው እንኳ ከኩባንያው ሰርቨር ጋር ካልተገናኘ አይከፈትለትም ነበር። መጋቢት 31 ቀን 2024 ሰርቨሩ ተዘጋ፤ ዲስኩን በእጁ የያዘው ገዢ ምንም ማድረግ አልቻለም። በዚህ ምክንያት ሮስ ስኮት የሚባል ሰው ጌም መግደል ይቁም የሚል ዘመቻ ጀመረ፤ ለአውሮፓ ኅብረት የቀረበው አቤቱታ በሐምሌ 2025 ከ1 ሚሊዮን በላይ ፊርማ አገኘ። በካሊፎርኒያም ከ2025 መግቢያ ጀምሮ እንዲህ ያለ ዕቃ በኢንተርኔት የሚሸጥ ነጋዴ የሚሸጠው የመጠቀሚያ ፈቃድ ብቻ መሆኑን ለገዢው በግልጽ እንዲነግር ሕግ ወጥቷል። ጥሩ ጅምር ነው፤ ለእኔ ግን አይበቃም። እንደሚወስድብኝ አስቀድሞ ስለነገረኝ መውሰዱ ትክክል አይሆንም።

ሰርቨር ወጪ አለው፣ ለዘላለም ይክፈሉ እንዴት ይባላል የሚሉ አሉ። ማንም እንዲህ አላለም። ሲዘጉት ሰርቨሩን የሚያስነሳውን ፕሮግራም ለተጫዋቾች ይልቀቁልን፤ የሸዋ በር ጌም ቤት ልጆች ካውንተር ስትራይክን ያለ ማንም እርዳታ እንዳስነሱት ያንንም ያስነሱታል። ብቻን ለሚጫወቱት ጌም ደግሞ የሚያስፈልገው የፈቃድ መጠየቂያውን የሚያነሳ አንድ የመጨረሻ አፕዴት ነው። ጂኦጂ የተባለው የኢንተርኔት ጌም መደብር ከ2008 ጀምሮ ቁልፍ የሌለባቸውን ጌሞች እየሸጠ እስከ ዛሬ አለ፤ ስለዚህ አይቻልም አይባልም።

ዋጋውን ባልፈው ይሻላል፤ አንድ ነገር ብቻ ልበል። አዲስ ትልቅ ጌም 70 ዶላር ነው። ምንዛሪው በሐምሌ 2016 ከመለቀቁ በፊት በባንክ ዋጋ 4 ሺህ ብር ገደማ ነበር፤ አሁን ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ይህን ያህል አውጥቶ የሚገዛ ወጣት ቢያንስ የራሱ የሆነ ነገር ይዞ መግባት አለበት።

እዚህ አገር ምን ማድረግ ይቻላል? በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። በቴሌግራም በኩል የጌም አካውንትና ጌም የሚገዛበት ጊፍት ካርድ የሚሸጡ ወጣቶች በየከተማው አሉ፤ ደሴም ኮምቦልቻም አሉ። ገዢው ጌሙ ያለ ኢንተርኔት እንደሚሠራና እንደማይሠራ ሳይነገረው ነው ብሩን የሚልከው። እኔ ለደንበኞቼ ከመጫኔ በፊት ኢንተርኔቱን ነቅዬ አሳያቸዋለሁ፤ ከተከፈተ ይከፍላሉ፣ ካልተከፈተ ይወስናሉ። ሌሎች ባለሙያዎችም እንዲህ ቢያደርጉ ደስ ይለኛል። አዲስ አበባ ላይ ጌም ለሚሠሩ ወጣቶቻችንም ልመና አለኝ። ኩኩሉ የተባለውን የሞባይል ጌም የመሰለ የአገር ሽታ ያለው ሥራ ስታወጡ የክልሉንም ልጅ አስቡ፤ መሥመር በሌለበት ቀን እንዲከፈት አድርጋችሁ ሥሩት።

ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ዘጋቢያችሁ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴርን ይጠይቅልን፦ በኢንተርኔት የተገዛ ጌም፣ ፕሮግራም ወይም መጽሐፍ በሸማቾች ሕግ ዕቃ ነው ወይስ አይደለም? ሻጩ ከዘጋብንስ አቤት የምንለው ለማን ነው? መልሱን በዚሁ ጋዜጣ እጠብቃለሁ።

የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ
ከደሴ፣ ፒያሳ