ኳሱ ጫፍ ላይ ሲደርስ፦ የጀግሊንግና የቪዲዮ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዓመቱን የጀመርነው በ11 ተማሪዎች፣ በአንድ ስልክና በአንድ የካሜራ ማቆሚያ ነበር። አሁን 19 ደርሰናል። ስልኩ ያው አንድ ነው።

ጀግሊንግ ኳስ፣ ቀለበት ወይም ክለብ (ጠርሙስ የሚመስል ዱላ) እያፈራረቁ ወደ ላይ መወርወርና መቅለብ ነው። የእኛ ክበብ ሥራ ግን እዚያ አያበቃም። የሠራነውን እንቀርጻለን፣ የቀረጽነውን ቁጭ ብለን እናያለን፣ ከዚያ እንደገና እንሠራዋለን። ዓመቱን ሙሉ የተከራከርነው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው ማለት ይቻላል። እጅ የሠራውን ነገር ካሜራ እንዴት አድርጎ ይያዘው?

ጥያቄው የመጣው በሐዘን ነው። በመጀመሪያው ሩብ ዓመት መጨረሻ ላይ የመጀመሪያ ቪዲዮአችንን ለሌሎች ተማሪዎች አሳየን። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ በ3 ኳስ የሠራችው ነበር። ለመልመድ ስድስት ሳምንት ለፍታበታለች። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ «ይሄማ በኮምፒውተር የተሠራ ነው» አለ። ልጅቷ ዕንባዋ መጣ። እኔም አንጀቴን በላችው። ቪዲዮውን ደግመን ስናየው ግን ልጁ አልተሳሳተም። ስትወረውር አንድ ምስል፣ ኳሱ አየር ላይ ሲሆን ሌላ ምስል፣ ስትቀልብ ደግሞ ሌላ። ኳሱ ከእጅ ወጥቶ እጅ ላይ እስኪያርፍ የሄደበትን መንገድ እኛው ቆራርጠን ጥለነዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኳስ አየር ላይ እያለ አይቆረጥም። የክበቡ ብቸኛ ሕግ ይህ ነው።

ቀጥሎ ከፍሬም ጋር፣ ማለትም ካሜራው ከሚያሳየው ክልል ጋር ታገልን። ካሜራ የያዘ ሁሉ እጅ ላይ ያነጣጥራል። ሥራው ያለው እጅ ላይ ነዋ! የሚወረውር ሰው ግን እጁን አያይም። የሚያየው ኳሱ ወደ ታች መመለስ የሚጀምርበትን ጫፍ ነው። ሒሳቡን ሰሌዳ ላይ ሠራነው። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ አየር ላይ ከሚቆይበት ጊዜ ግማሹን የሚያሳልፈው በከፍታው የላይኛው ሩብ ውስጥ ነው። 1 ሜትር ከፍ የሚል ኳስ አየር ላይ የሚቆየው 0.9 ሰከንድ ያህል ነው። ከዚያ ውስጥ 0.45ቱ የሚያልፈው ከላይ ባለችው 25 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ነው። ከእጅ ሲወጣ ይፈጥናል፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ቀስ ይላል፣ ለአፍታ ቀጥ ብሎ ይመለሳል። ለእኔ የጀግሊንግ ውበት ያለው እዚያች አፍታ ላይ ነው። እኛ ግን እሷን ከፍሬም ውጭ አድርገን ነበር የከረምነው። ካሜራውን ወደ ኋላ አራቅነው፣ ከፍ አደረግነው። ተማሪዎቹ ልዩነቱን ሲያዩ ክፍሉ ጸጥ አለ።

ሌላው ችግር ብርሃን ነበር። ክፍል ውስጥ የቀረጽነው ኳስ የተጎተተ ቀለም ይመስላል። ያው 1 ሜትር የሚወጣው ኳስ ከእጅ የሚነሳው በሰከንድ 4.4 ሜትር ያህል ፍጥነት ነው። የካሜራው መዝጊያ ለ1/50 ሰከንድ ክፍት ከሆነ ኳሱ በዚያ ጊዜ ውስጥ 9 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሄዳል። የእኛ ኳስ ወርዱ 7 ሳንቲ ሜትር ነው። ወደ 1/500 ስናወርደው ምስሉ ጥርት አለ፤ ግን ኳሶቹ በክር የተንጠለጠሉ መሰሉ፣ ነፍስ የላቸውም። ግቢው ውስጥ በቀን ብርሃን 1/200 ላይ ተስማማን። ትንሽ መደብዘዝ እንቅስቃሴውን ያሳያል።

የዓመቱ ትልቁ ግኝት በስህተት የመጣ ነው። አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ቪዲዮ ሲያቀናብር ሳያስበው ወደ ኋላ አጫወተው። 3 ኳስ በካስኬድ ነበር፤ ካስኬድ አብዛኛው ጀማሪ መጀመሪያ የሚለምደው አወራወር ነው። ኳሱ ከመሃል በሌላው ኳስ ሥር አልፎ ይወጣል፣ ወደ ዳር ይወርዳል። ወደ ኋላ ሲጫወት ግን ኳሱ ከዳር ተነስቶ በላይ አልፎ መሃል ላይ ወደቀ። ልጁ «ቲቸር፣ ይሄ ሌላ ጨዋታ ነው!» ብሎ ጮኸ። እውነቱን ነው። የተገለበጠ ካስኬድ ይባላል፤ በጀግለሮች ዘንድ የታወቀ ነው። እሱ ግን ከማንም አልተማረውም። ስክሪኑን እያየ ሁለት ሳምንት ተለማመደና በእጁ ሠራው። ከዚያ በኋላ ሁሉም ቪዲዮ ወደ ኋላ ይጫወት ጀመር። አየር ላይ ያለ አንድ ኳስ ብቻውን ሲታይ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሲሄድ አንድ ነው፣ አይለይም። ቪዲዮው መገልበጡን የሚያጋልጠው የወደቀ ኳስ ነው። መሬት ላይ የሚነጥር ኳስ እያደር ዝቅ ማለት ሲገባው በተገላቢጦሹ እየነጠረ ከፍ ይላል።

ሳይትስዋፕን በአጭሩ ልንገራችሁ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተለያዩ ቦታዎች ያሉ ሰዎች ሳይመካከሩ የደረሱበት፣ እያንዳንዱን ውርወራ በአንድ ቁጥር የሚጽፍ ዘዴ ነው። ቁጥሩ ትልቅ ሲሆን ውርወራው ከፍ ይላል። 531 ተብሎ ከተጻፈ የ5፣ የ3 እና የ1 አማካይ 3 ነውና በ3 ኳስ ይሠራል። ለእኛ የጠቀመን ለካሜራ ነው። ቁጥሩን ስክሪፕቱ ላይ እንጽፋለን፤ ካሜራ የያዘው «5» ሲመጣ ቀና ይላል።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ወደ ኮንታክት ጀግሊንግ ገባን። ኳሱ አይወረወርም፤ በመዳፍ፣ በጣቶች ጀርባና በክንድ ላይ ይንከባለላል። እዚህ ላይ የአሜሪካዊውን ጀግለር የማይክል ሞሸንን ሥራ ሳናነሳ አላለፍንም። በ1986 (እ.ኤ.አ.) በወጣው «ላቢሪንዝ» ፊልም ላይ ዘፋኙ ዴቪድ ቦዊ በእጁ የሚያንከባልላቸው የሚመስሉት ብርጭቆ መሳይ ኳሶች በሞሸን እጅ ላይ ነበሩ። ሞሸን ከቦዊ ኋላ ተደብቆ ክንዱን አሳልፎ ነው የሠራው። ኳሶቹን ማየት አይችልም ነበር።

ልጆቹ ይህን ካልሞከርን ብለው ያዙኝ። አንድ ልጅ እጁን ከኋላው ደብቆ ፊት ቆመ። ከኋላው አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ክንዷን በብብቱ ሥር አሳለፈች። ኳሱ አይታያትም፤ የምታውቀው መዳፏ ላይ ባለው ክብደት ብቻ ነው። ወደቀ። ደግሞ ወደቀ። ኳሱ መቆየት ከጀመረ በኋላም ምስሉ አላሳመነንም፤ ክንዱ የልጁ አይመስልም። ለረጅም ጊዜ ምክንያቱ ጠፋን። ለካ ልጁ ካሜራውን ነበር የሚያየው። «ዓይንህ ኳሱን ይከተል» አልነው። 41ኛው ሙከራ ላይ ዓይኑ ከመዳፍ ወደ ጣቶቹ፣ ከጣቶቹ ወደ ክንዱ ከኳሱ ጋር ሄደ። በዚያች ቅጽበት ክንዱ የእሱ ሆነ። እዚያ የነበርን ሁሉ እጃችንን አፋችን ላይ ጫንን። ልጅቷ ብቻ ከኋላ ሆና «ምን ሆነ? ወደቀ እንዴ?» ትላለች።

የዓመቱ መጨረሻ ፊልማችን አራት ደቂቃ ነው፤ በሦስት ቀረጻ ብቻ ተሠራ። ሁለተኛው ላይ ያቺው የ9ኛ ክፍል ተማሪ አንድ ኳስ ይወድቅባታል። ይውጣ አይውጣ ብለን ተከራከርን። በእግሯ ቆልምማ አንስታ ቆጠራውን ሳትስት ትቀጥላለች፤ እኔ እንዲቀር ነው የፈለግኩት። እሷም እንዲቀር ፈለገች፣ ቀረ።

በሚቀጥለው ዓመት አዲስ የምትመጡ ተማሪዎች ኳስ ይዛችሁ መምጣት አይጠበቅባችሁም። የመጀመሪያው ቀን ለእያንዳንዱ ሰው የሚሰጠው አንድ ኳስ ብቻ ነው። ሁለተኛው የሚሰጠው የመጀመሪያው ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ በእኩል ከፍታ መሄድ ሲችል ነው።