ሀገር ፍቅር መጀመሪያ ስብሰባ ነበር

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ አዲስ አበባ የድሮ መዝናኛዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ፎቶዎቹ ደስ ይላሉ። ግን ጸሐፊው ሲኒማውንም፣ ቲያትሩንም፣ ሙዚቃውንም ጠቅልሎ ለጣሊያን ሰጥቶት አረፈው። ከዚያ በፊት የከተማው ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ግድግዳ ግድግዳ ሲያይ የኖረ ነው የሚመስለው። ይህ ወሬ በየሻይ ቤቱም ስለሚሰማ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም፤ ዛሬ ቲያትር ቤት ብለን የምናውቀው ሀገር ፍቅር ራሱ የተወለደው ከጣሊያን በፊት ነውና።

በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል፣ ጣሊያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት ማለቴ ነው፣ ይቺ ከተማ የሚታይና የሚሰማ ነገር ጠፍቶባት አያውቅም። ሲኒማ እንኳ ነበራት። ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ሲለው የነበረው እኮ ከጣሊያን በፊት ነው።

ቲያትሩንም እንይ። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሩሲያ ተምረው የመጡ፣ በኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው። በ1910ዎቹ «ቲያትር አለ» ተብለው ተጠርተው ቢሄዱ የጠበቃቸው ዘፈንና እስክስታ ነው። አልተዋጠላቸውም። ቲያትር ምን እንደሆነ ላሳያችሁ ብለው «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ጻፉና ቴራስ ሆቴል መኳንንቱ ፊት አስቀረቡት። የሚናገሩት እንስሳት ናቸው፤ ነገር ግን ጉቦውንና የመንግሥቱን አሠራር ሲጎነትሉ ማን እንደተነካ ለሁሉም ገብቶታል። ንግሥት ዘውዲቱም ከለከሉት። እንግዲህ የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ታይቶ፣ አስቆጥቶ፣ ታግዶ ያበቃው ጣሊያን ከመምጣቱ ከ10 ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። በኋላ ደግሞ መላኩ በጎሰውና ዮፍታሔ ንጉሤ በየትምህርት ቤታቸው ተማሪዎቹን እያስጠኑ መድረኩን መለሱት።

ሙዚቃውን አጠር ላድርገው። ራስ ተፈሪ በ1916 ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች አምጥተው የማርሽ ባንድ አቋቋሙ። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ለ1923ቱ ንግሥ የሕዝብ መዝሙሩን ዜማ ሠሩ፣ ግጥሙ የዮፍታሔ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴማ ጀርመን ሄደው ዘፈናቸውን ሸክላ ላይ ያስቀረጹት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ነው።

እኔን ግን ከሁሉም የሚገርመኝ ሙግቱ ነው። ጽሑፋችሁ ጭራሽ አላነሳውም። በዚያ ዘመን ችሎት ማለት ሜዳ ነው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ከተካሰሱ አላፊ አግዳሚውን «ዳኛ ሁነን» ብለው ያስቆሙታል። ካልተስማሙ የአንዱ ነጠላ ጫፍ ከሌላው ነጠላ ጫፍ ይቋጠርና፣ ተቆራኝተው ወደ ትልቁ ዳኛ ይጓዛሉ፤ ከኋላቸው ደግሞ ሥራ ያለውም ሥራ የፈታውም ይግተለተላል። እዚያ ሲደርሱ «በላ ልበልሃ» ይጀመራል። ተሟጋቹ ነጠላውን ያስተካክላል፣ ዘንጉን ይዞ አንዴ ወደፊት አንዴ ወደኋላ ይላል፣ ክሱን ቤት እያስመታ ያወርደዋል፣ መጨረሻ ላይ «ፈረስ እሰጥ!» ብሎ ይወራረዳል። ያኛው «በቅሎ እሰጥ!» ይላል። ሰዉ ከቦ ቆሟል። አፈኛውን እሰይ ይላል፣ በተንተባተበው ይስቃል። ቲኬት የለ፣ ወንበር የለ። ዛሬ ቢሆን ቲክቶክ ላይ ሚሊዮን ሰው ያየው ነበር። (ለባለጉዳዮቹ ግን ቀልድ አልነበረም። አፍ የሌለው ድሃ እውነት ይዞም ተረትቶ ሊሄድ ይችላል፤ ይህን ሳልጠቅስ ባልፍ ደግሞ ያን ዘመን ገነት አስመስዬ መሳሌ ነው።)

ሰውን ሰው ፊት ቆሞ በቃል የማሸነፍ ልማድ ነበር ለማለት ነው። ቅዳሜ አራዳ ገበያ የመጣ ሰው እህል ሽጦ ጨው ገዝቶ ብቻ አይመለስም። ነጋሪት ሲመታ ይሰማል፣ አዋጅ ይሰማል፣ አዝማሪ ይሰማል፣ ሙግት ያያል። መዝናኛው የትጋ አልቆ ስብሰባው የትጋ እንደሚጀምር መለየት ይቸግራል።

ሀገር ፍቅርም የተወለደው ከዚህ ነው። ኅዳር 1927 ኦጋዴን ውስጥ ወልወል ላይ ከጣሊያን ጦር ጋር ግጭት ተነስቷል፣ ጦርነቱ እንደማይቀር ሁሉም እየገባው ነው። ሐምሌ 11 ቀን 1927 መኮንን ሀብተ ወልድና ባልደረቦቻቸው የሀገር ፍቅር ማኅበርን አቋቋሙ። ልብ በሉ፣ ቲያትር ቤት አይደለም። ማኅበር ነው። ሰዉን ይሰበስባል፤ ንግግር ይደረጋል፣ ግጥም ይነበባል፣ ይዘፈናል፣ ይሸለላል። የመጣው ሰው ዘፈን ሰምቶ ሊሆን ይችላል የመጣው፣ ሲመለስ ግን ጦርነቱን እያሰበ ነው። ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ መስከረም 22 ቀን 1928፣ የክተት ነጋሪቱ ተመታ።

ጸሐፊያችሁን ያሳተው ምናልባት ሕንፃው ይሆናል። ፒያሳ ያለው የሀገር ፍቅር ቤት ቀድሞ ጣሊያኖች የሚዝናኑበት ክበብ እንደነበር ይነገራል። ግን እኮ ቤቱን ከነፃነት በኋላ ማኅበሩ ገባበት እንጂ ቤቱ ማኅበሩን አልወለደውም።

ጣሊያን የሲኒማ አዳራሽ ሠርቷል፣ አልክድም። ማን እንዲገባበት ነው የሠራው? የዘር ሕግ አውጥቶ ነጩንና ጥቁሩን በሰፈርም በመዝናኛም ሲለያይ የነበረ መንግሥት ነው። ከጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ያንን የአራዳ ገበያ ነቅሎ የአገሬውን ሰው ወደ ዛሬው መርካቶ የገፋውም እሱ ነው። ገበያው ሲነሳ ያ ሁሉ ወሬ፣ ሙግትና አዝማሪ አብሮ ተነሳ። ይህን «መዝናኛ አመጣልን» ብሎ መጻፍ ከየት የመጣ ቸርነት ነው?

አንድ ነገር ልለምን። ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ ከ1917 ጀምሮ ሲታተም ነበር። ከሪፖርተሮቻችሁ አንዱን ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ማለቴ ነው፣ ላኩና የዚያን ዘመን እትሞች ያገላብጥ፣ ስለ ከተማው ትርዒትና ስብሰባ ያገኘውን ሁሉ በተከታታይ አውጡልን። የመጀመሪያው ክፍል ከ1928 በፊት ስላለው ይሁን።

አንባቢያችሁ፣
ከአራት ኪሎ