ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ ጓዳው

የኔ ልጅ፣

ፊት ለፊት ስንነጋገር ድምፄም ፊቴም ባንዴ እንደሚበዛብሽ ስለነገርሽኝ ጻፍኩልሽ። ስትፈልጊ ደግመሽ ታነቢዋለሽ።

ትናንት ማታ «መጋቢት 24 በኦቲዝም ቀን መድረክ ላይ ልወጣ ነው፤ ግን ፈራሁ» ስትዪኝ፣ ሳላስበው «ይቅርብሽ» አልኩሽ። ያቺ ቃል ሌሊቱን ሙሉ ስትከነክነኝ አደረች። የፈራሁት እኔ ነኝ።

ትንሽ ሳለሽ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ አስገብቼሽ በሩን እዘጋ ነበር። ቡና ሲወቀጥ ጆሮሽን ይዘሽ ትጮኺያለሽ፤ ሰው ሊስምሽ ሲጠጋ ትሸሺያለሽ። ጎረቤት «ቡዳ በልቷት ነው» ይላል፣ ዘመድ «አንቺ ነሽ አሞላቅቀሽ ያበላሸሻት» ይለኛል። ጠበልም ወሰድኩሽ። በጸሎቱ አልጸጸትም፤ ቀዝቃዛው ውኃ ሰውነትሽን እንዴት እንደሚያስጨንቀው ግን ያኔ አልገባኝም። እንግዶቹ «ልጅቷስ?» ሲሉ «ተኝታለች» እላለሁ። አንቺ ግን ነቅተሽ፣ በበሩ ሥር በምትገባው ብርሃን አዝራር ትደረድሪ ነበር።

ስሙ ኦቲዝም መሆኑን ያወቅነው 16 ዓመት ሲሞላሽ ነው። ሴቶች ልጆች የሌላውን አነጋገርና አሳሳቅ እያዩ ስለሚኮርጁ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ እንደሚታወቅላቸው ሐኪሟ አስረዳችን። ከትምህርት ቤት መጥተሽ ወለሉ ላይ ዝልፍልፍ ብለሽ የምትተኚው ለምን እንደነበር ያን ቀን ገባኝ።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስን ታውቂያቸዋለሽ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ያቋቋሙት፣ በ2013 ዓ.ም. በኮቪድ ያረፉት። ሌሎቻችን ልጆቻችንን በደበቅንበት ዘመን እሳቸው ስለ ልጃቸው በአደባባይ ይናገሩ ነበር። አንድ ቀን በቴሌቪዥን ሲናገሩ ሰምቼ «የኔ ልጅ እኮ ታወራለች፤ እንዲህ አይደለችም» ብዬ ጣቢያ ቀየርኩ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

እሳቸውም ግን የተናገሩት እንደ እናት ነው። እዚህ አገር ስለናንተ ስናወራ የኖርነው በብዛት እኛ ወላጆች ነን፤ ድካማችንን፣ ለቅሷችንን። ያ የሙቀጫ ድምፅ ከውስጥ ሲሰማ ምን እንደሚመስል እኔ መናገር አልችልም። አንቺ ትችያለሽ።

ከወረቀትሽ አንብቢ። የሰው ዓይን ማየት የለብሽም፤ ግድግዳውን እዪ። ቃል ከጠፋሽ ዝም በዪ፣ ሰው ይጠብቅ። አዝራር ኪስሽ ውስጥ ይኑር። ጭብጨባው እንዳይረብሽሽ ሰዉ እጁን ብቻ እንዲያውለበልብ አዘጋጆቹን እጠይቅልሻለሁ። በዋዜማው ሐሳብሽን ብትቀይሪም ማንም አይቆጣሽም፤ እኔ አለሁ።

አንድ ነገር ቀረ። ጠረጴዛው ላይ የተውሽውን ወረቀት አየሁት፤ ሳልጠይቅሽ በማየቴ ይቅርታ። ስለ ጓዳው የጻፍሽውን ሰርዘሽዋል፤ ጎኑ ላይ «እማዬን ሰው ምን ይላታል» ብለሻል። መልሰሽ ጻፊው፣ የኔ እናት። እኔ ከአዳራሹ በር አጠገብ እቀመጣለሁ፤ መውጣት ስትፈልጊ በሩ ክፍት ነው።

እናትሽ